ወደ ቦዲል ተልኳል

ማሽኑ «ተልኳል» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጻፈ ነገር ሳምን ኖሬ፣ በስተርጅና ከአንድ ነጭ የፕላስቲክ ሣጥን ጋር የምከራከርበት ምክንያት አልታየኝም። ትንሿ መስኮቱ ላይ «ወደ ቦዲል ተልኳል» የሚል ጽሑፍ በራ። እኔም «ተመስገን» ብዬ ኮቴን ደርቤ ወጣሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ትሮልስ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ፊዮርዱ በምንለው የባሕር ክንድ ውስጥ ሰምጦ ከሞተ ዘንድሮ ሃያ ዓመት ሞላው። እኛ አገር መቃብር የዘላለም ርስት አይደለም። ሃያ ዓመቱ ሲሞላ ቤተሰብ «ይቀጥል» ብሎ ካልፈረመ ድንጋዩ ይነሣል፣ ዙሪያውን ያለው ቁጥቋጦ ይነቀላል፣ መሬቱ ተደልድሎ ሣር ይዘራበታል። ሟቹ ከሥር እንዳለ ነው፤ ከላይ ግን ማንም አልተቀበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ የላከልኝ ቅጽ ሁለት ሣጥን ነበረው፤ አንዱ «ይቀጥል» ሌላው «ይነሣ» ይላል። ከሥሩ «ማሳሰቢያ ካለ» የሚል አንድ መስመር፣ ከዚያ የፊርማ ቦታ። ተፈርሞ፣ ስካን ተደርጎ፣ በኢሜይል እስከ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ይድረሰን፤ ካልደረሰን መቃብሩ እንዲነሣ እንደ ፈቀዳችሁ እንቆጥራለን ይላል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ባለቤቴ ቦዲል ባለፈው ኖቬምበር በካንሰር ሞተች። አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዷ ያረፈው «የማይታወቁት» በሚባለው ሣር ሥር ነው። እዚያ ድንጋይ የለም፣ ስም የለም፣ በየትኛው ጥግ እንዳለች እንኳ ለቤተሰብ አይነገርም። «የሚታረም መቃብር ትቼብህ አልሄድም፤ ጉልበትህን እያየሁት» ብላ ራሷ ናት የፈረመችው። ስለዚህ የቀረኝ የትሮልስ ድንጋይ ብቻ ነው። ከእርሻችን ጫፍ በትራክተር ጎትቼ ያወጣሁት፣ ፊደሉን በገዛ መሮዬ አንድ ክረምት ሙሉ የቀረጽኩት ድንጋይ ነው። በዚህ ምድር ላይ የኛ ቤት ስም የተጻፈበት ድንጋይ እሱ ብቻ ነው። እሱን ካነሡብኝ እሑድ ጠዋት እግሬ የሚሄድበት የለውም።

እንግዲህ በዚያ ሐሙስ ቅጹን ሞላሁ። «ይቀጥል» የሚለው ላይ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ምልክት አደረግሁ፣ ፈረምኩ፣ ወደ ቦዲል የልብስ ስፌት ክፍል ገብቼ የፕሪንተሩን ክዳን ከፍቼ ወረቀቱን በፊቱ ደፋሁት። ይህ ፕሪንተር ሁሉን የሚችል ነው ይባላል፤ ያትማል፣ ይገለብጣል፣ ስካን ያደርጋል፣ ያውም ያለ ገመድ። የገዛችውም የምታዝበትም እሷ ነበረች። በቤታችን ከመንግሥት ጋር፣ ከባንክ ጋር፣ ከሐኪም ጋር የምትነጋገረው ቦዲል እንጂ እኔ አልነበርኩም። መስኮቱ «ወዴት ይላክ?» አለኝና አንድ ምርጫ ብቻ አሳየኝ፤ «ቦዲል»። ቅር አላለኝም። የልጆቹን ካልሲ እንኳ ሳይቀር ስም እየሰፋችበት ያሳደገች ሴት ናት፤ ማሽኑንም በስሟ ጠርታዋለች፣ በቃ። እውነቱን ልናገርና ስሟ እንደዚያ ሲበራ ሳየው ደስ አለኝ። ጣቴን ስሟ ላይ አሳረፍኩት።

ከቤት ወጥቼ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳልፍ ቪሊ የመቃብሩን ጠጠር መንገድ በመንሽ እያበጠረ ነበር። ቪሊ የመቃብሩ ቆፋሪም ጠባቂም ነው፤ አንደኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥነው። «ኖ» አለኝ። «ኖ» አልኩት። እኛ ምዕራብ ዩትላንድ ውስጥ በዚህች ቃል ነው የምንኖረው። ደህና ነህ ማለት ነው፣ ሰማሁ ማለት ነው፣ ታዲያስ ማለት ነው፣ አዝኛለሁ ማለትም ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በኛ ሰፈር ዝንብ በረሃብ ያልቃል። ትሮልስን ከውኃ አውጥተው ያመጡት ቀን ቪሊ በሩ ላይ ቆሞ ያለኝ «ኖ፣ ጉነር» ብቻ ነበር። ያኔ በቅቶኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልጄ ዶርተ ደወለች። ዶርተ ነርስ ናት፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ የሚርቅ ከተማ ነው የምትኖረው፣ የምትደውለውም ከሥራ ስታፈተልክ ነው።

«አባ፣ ወረቀቱን ላክኸው?»

«ትናንት።»

«ከየትኛው ኢሜይል?»

«ከማሽኑ።»

«ማሽኑ ኢሜይል የለውም፣ አባ።»

«ተልኳል ብሏል እኮ።»

«ወዴት ነው ተልኳል ያለው?»

እዚህ ላይ «ወደ ቦዲል» ማለት ነበረብኝ። ግን የእናቷን ስም ስልክ ላይ ከጠራሁ ድምጿ ይቆረጣል፤ የሷ ሲቆረጥ የኔም ይቆረጣል፤ ከዚያ ሁለታችንም ስለ አየሩ ማውራት እንጀምራለን። «ወደሚላክበት» አልኳት።

«አባ፣ አዳምጠኝ። ማሽኑ ፎቶ ነው የሚያነሣው። ያነሣውን ለኮምፒውተር ይሰጣል። ከኮምፒውተሩ ላይ አንተ ራስህ ከኢሜይል ጋር አያይዘህ ትልካለህ። ኮምፒውተርህ ላይ ገብቷል?»

ሳሎን ሄጄ የኔን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ምንም የለም። «የለም» አልኳት።

«እሺ፣ አትደንግጥ» አለች። «ሦስት ሰዓት አለን። መጀመሪያ አጥፍተህ አብራው።»

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ተንጨረጨረ፣ አጓራ፣ ጸጥ አለ። ወረቀቱን ደግሜ ደፋሁ። ሰማያዊው ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ተልኳል። ሳሎን ሄድኩ፤ የለም። ከስፌቱ ክፍል እስከ ሳሎን ዐሥራ አራት እርምጃ ነው፣ ቀኝ ጉልበቴ ደግሞ እያንዳንዷን ይቆጥራታል።

«እስቲ ከኮምፒውተሩ አንድ ገጽ እንዲያትም እዘዘው» አለች።

አዘዝኩት። የቀለም መፈተሻ የምትባለዋን ገጽ ቆንጆ አድርጎ አተመ።

«ካተመ እኮ ጤነኛ ነው» አልኳት።

«ማተም ሌላ ነው፣ አባ። ሲያትም አንተ ትናገራለህ፣ እሱ ይሰማል። ስካን ሲያደርግ እሱ ነው የሚናገረው፣ መስማት ያለብህ አንተ ነህ።»

«ጆሮዬን ሰጥቼ ቁጭ ብያለሁ።»

«አንተ አይደለህም፣ ኮምፒውተርህ!» ሳቀች። ከእናቷ ቀብር ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑን ለአንድ አፍታ ይቅር አልኩት።

ከዚያ ዋይፋዩ ተጠረጠረ። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ አይገናኙም አለችኝ። መስኮቱ ላይ ያለውን ስምና ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ስም አነበብኩላት፤ አንድ ናቸው። «እንግዲያው ራውተሩን ንቀልና ሠላሳ ቆጥረህ መልሰህ ሰካው» አለች። ነቀልኩት፤ ድምጿ እልም አለ። ለካ የቤቱ ስልክም የሚሠራው በዚያው ሣጥን ነው። ሠላሳ ቆጥሬ ሰካሁና ተመልሶ እስኪበራ፣ መስመሩ እስኪመጣ፣ እሷም ታማሚዋን አይታ እስክትመለስ ከአራት ሰዓት አለፈ።

«የሞትኩ መስሎሽ ነበር?» አልኳት።

«አትቀልድ፣ አባ።»

ደግሜ ደፋሁ። ተልኳል። ሳሎን የለም። በኮምፒውተሩ በኩል ስካነሩን ፈልግ ስለው ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ «ስካነር አልተገኘም» ትላለች። እሱ ተናገርኩ ይላል፣ ያኛው አልሰማሁም ይላል።

«ስልክህ ካሜራ የለውም አይደል? ፎቶ አያነሣም?»

«የኔን ስልክ የማነሣው እኔ ነኝ፤ እሱ የሚያነሣው ነገር የለም።»

«እሺ፣ ኬል ጋር ሂድ። ሚስቱ ቤት ሆና ነው የምትሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ናት። አምስት ደቂቃ ይበቃታል።»

ኬል የአጥር ጎረቤቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል፣ ቤቱ የገባሁት አራት ጊዜ ነው፣ አራቱንም ተጠርቼ። «ሰው ሥራ ላይ ነው» አልኳት።

«አባ!»

«በሥራ ሰዓት በር አልቆረቁርም፣ ዶርተ። ሰው አላስቸግርም።»

እሷም የኛው ልጅ ናት፤ ታውቀዋለች።

ፕሮግራሙን አጥፍተህ እንደገና ጫነው አለች። አጠፋሁ፣ ጫንኩ። አረንጓዴው መስመር ሰማንያ በመቶ ደርሶ ወይ ፍንክች አለ። ሃያ ደቂቃ ፊቱ ቁጭ አልኩ። ከዚያ «መሣሪያው አልተገኘም፤ መሣሪያው መብራቱን ያረጋግጡ» አለኝ። መሣሪያው እኮ የበሬ የሚያህል ድምፅ እያሰማ ጎረቤት ክፍል ውስጥ በርቷል! ሰዓቱን አየሁ፤ አምስት ተኩል ሊሆን ነው። በመኪና ልንዳ ብል ቢሮው ያለበት ከተማ ሃምሳ ደቂቃ ነው፤ ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ቢሮ ላይ ከተጠቀለሉ ወዲህ በአካል የመጣ ወረቀት አይቀበሉም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ትሮልስን ሁለተኛ ጊዜ ላጣው ነው ብዬ አሰብኩ። ለዶርተ ግን «ትንሽ ደከመኝ» ነው ያልኳት።

«አባ» አለች ቀስ ብላ፤ «ወረቀቱን ደፍተህ ስካን ስትለው፣ ወዴት ይላክ ብሎ ይጠይቅሃል አይደል? መስኮቱ ላይ ያለውን ቃል በቃል አንብብልኝ።»

ስፌቱ ክፍል ሄድኩ። ደፋሁት። ዘጠነኛ ጊዜዬ ነበር።

«ቦዲል» አልኳት።

ከወዲያ በኩል የሆስፒታሉ ኮሪደር ድምፅ ብቻ ተሰማኝ፤ የሚገፋ አልጋ፣ የሚዘጋ በር።

«አባ፣ እሱ የእማ ላፕቶፕ ነው» አለች።

ላፕቶፑ የስፌት ጠረጴዛዋ ሥር፣ ሹራብ መያዣ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ገመዱ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው። አልነቀልኩትም፤ ትንሿ መብራቷ ስትበራ ስላየሁ መንቀል ከብዶኝ ነበር፣ ከአራት ወር በላይ። ክዳኑ ቢዘጋም እንዳይተኛ አድርጋ ትታዋለች። እንግዲህ ከትናንት ጀምሮ እኔ ወዲያና ወዲህ እያነከስኩ፣ ወረቀቱ በየጊዜው የገባው እግሬ ሥር ወዳለው ቦርሳ ነው። እሷ ስታደምጠኝ ኖራለች፤ እኔ ነኝ የተሳሳተ ክፍል ውስጥ የምጠብቀው።

ከፈትኩት። አራት ቁጥር ጠየቀኝ። ዶርተ የእናቷን የልደት ዓመት አለች፤ እምቢ። የትሮልስን፤ እምቢ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ያለው ቅጽ ላይ አረፈ፤ «ረድፍ 6፣ ቁጥር 14» ይላል። የትሮልስ መቃብር ቁጥር ነው። ዜሮ ስድስት ዐሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ። ተከፈተ።

«ምን ነበር?» አለች ዶርተ።

«ልደትሽ» አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም፤ ደስ እንዲላት ነው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ እጃችን እሳት ሆነ። ኢሜይሉን ክፈት፤ ከፈትኩ። የቢሮውን አድራሻ ጻፍ፤ ጻፍኩ። አያይዝ የሚለውን ተጫን፤ ተጫንኩ። ስካን የሚል ፎልደር አለ? አለ። «ምን ይታይሃል?»

«ዐሥር ነገር። ሁሉም ስካን፣ ስካን፣ ስካን ይላሉ፣ ቁጥር አላቸው።» እኔ ዘጠኝ ጊዜ ነበር የደፋሁት። ቆጠራዬ ተሳሳተ ብዬ አለፍኩት።

«የመጀመሪያውን ውሰድ፤ አዲሱ ሁልጊዜ ከላይ ነው።»

«ከፍቼ ልየው?»

«አባ፣ አምስት ደቂቃ ነው የቀረህ!»

የላይኛውን ያዝኩ። ምስሉ ከጥፍሬ አይበልጥም፤ ቅጹ ግን ቅጹ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም፣ ሁለቱ ሣጥኖች፣ ከሥር ፊርማ። ላክ የሚለውን ተጫንኩት። «መልእክትዎ ተልኳል» አለ። ለስድስት አራት ደቂቃ ጉዳይ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዶርተ ስልኩ ውስጥ አለቀሰች፤ እኔም አልቅሳ እስክትጨርስ ስልኩን ይዤ ጠበቅኳት። ያን ቀን ምሳዬን በአጃ ዳቦና በሄሪንግ ዓሣ በላሁ፣ ሁለት ጽዋ አረቄም ጠጣሁ፤ አንዱን ለቦዲል።

ማክሰኞ ዕለት የኅብረት ሥራ ሱቁ ውስጥ፣ ዳቦ መደርደሪያው ጋ፣ ቪሊን አገኘሁት።

«ኖ» አለኝ።

«ኖ።»

«ወረቀቱ ከቢሮ ደርሶኛል።»

«ደረሰህ? እሰይ!»

ቆቡን አወለቀና መልሶ ደፋው። «እንግዲህ ወስናችኋል ማለት ነው» አለ።

«ወስነናል። ቦዲልም ብትኖር ይህንኑ ነበር የምትለው።»

«አዎ። ገብቶኛል።» አንድ ዳቦ አነሣ፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። «ሐሙስ ዝናብ ካልጣለ እሠራዋለሁ። መገኘት ትፈልጋለህ?»

በየዓመቱ ማርች ሲጋመስ የመቃብሮቹን ቁጥቋጦ ይከረክማል፤ እሱን መስሎኝ። «እኔ ምን ልሠራልህ? አንተ ታውቅበታለህ» አልኩት።

«ብዙዎች አይፈልጉም» አለ ቪሊ።

ቁጥቋጦ ሲከረከም ቆሞ ማየት የሚፈልግ ሰው ማን ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ትከሻዬን በእጁ ነካ አደረገኝ። ቪሊ ሰው አይነካም። ይህን እያወቅሁ፣ ሚስቴን በማጣቴ ነው ብዬ፣ ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።

እሑድ ጠዋት በግቢያችን የበቀሉትን ነጫጭ የበረዶ አበቦች በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። ነፋሱ ከምዕራብ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ገና አልተደወለም። ስድስተኛው ረድፍ ጋ ደረስኩና የሳትኩ መሰለኝ። ወደ ኋላ ተመልሼ ከመጀመሪያው ረድፍ ቆጠርኩ። ዐሥራ ሦስት አለ፣ ዐሥራ አምስት አለ። በመካከላቸው በመንሽ የተስተካከለ ጥቁር አፈር ነው ያለው፤ ላዩ ላይ የሣር ዘር ተበትኖበታል። ወፎች ዘሩን እየለቀሙ ነበር።

ቪሊ ከዕቃ ቤቱ ወጣ። ፊቴን ሲያይ አካሄዱን አዘገመ።

«ድንጋዩስ?» አልኩት።

«ዓርብ መኪናው መጥቶ ወሰደው። ከሌሎቹ ጋር።»

«ወዴት?»

«ወደ መፍጫው።» ዓይኑን ከኔ አነሣ። «ለመንገድ ጠጠር ይሆናል፣ ጉነር። ትናንትና ፈጭተውታል።»

«ለምን?»

«ለምን ማለት? ወረቀቱ ደርሶኝ ነዋ! ነግሬህ የለም? ልትገኝ ትፈልጋለህ ወይ ብዬህ የለም?»

«ቁጥቋጦውን ልትከረክም መስሎኝ!»

«ቁጥቋጦ? እኔ ቁጥቋጦ ልከረክም ሰው እጋብዛለሁ? ሰርግ ነው እንዴ?»

«ድንጋዩን ላነሣው ነው ብትለኝ ምን ነበር? አንዲት ቃል ናት እኮ፣ ቪሊ! አንዲት ቃል!»

«አንተስ?» ድምፁ ከፍ አለ፤ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «ወስነናል ነው ያልከኝ! እሰይ ነው ያልከኝ! ሚስቱን የቀበረ ሰው አቁሜ የልጅህን ድንጋይ ላስፈጨው ወይ ብዬ ልጠይቅ? ይጠየቃል? አንተ ብትሆን ትጠይቀኛለህ?»

አልጠይቀውም ነበር። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ቆመን ወፎቹን አየናቸው።

ከዕቃ ቤቱ ወረቀቱን አመጣልኝ፤ ከቢሮ የተላከለትን። ማኅተሙ፣ ሁለቱ ሣጥኖች። ምልክቱ ያለው «ይነሣ» የሚለው ላይ ነው። ፊርማው የቦዲል ነው። ሴፕቴምበር ዐሥራ አራት ይላል፤ ቢሮው ቅጹን መጀመሪያ የላከው ያኔ ለሷ ኖሯል፤ ሐኪሙ ተስፋ የለም ካላት በሁለተኛው ሳምንት። እጇ ያኔ ደክሞ ስለነበር ፊደሎቿ ወደ ታች ይወርዳሉ። «ማሳሰቢያ ካለ» በሚለው መስመር ላይ፦ «ባለቤቴን ጉነርን በዚህ ጉዳይ እንዳታስቸግሩት» ብላ ጽፋለች።

«ጽሑፏን ስለማውቀው ነው ዝም ያልኩት» አለ ቪሊ። «ከመሞቷ በፊት የጨረሰችው ነገር ነው ብዬ። ቢሮ ያለችው ልጅ ደግሞ ማን ሞተ ማን አለ ምን ታውቃለች፤ የረድፉን ቁጥር ነው የምታየው።»

«ኖ» አልኩት። አበባውን ይዤ ተመለስኩ፤ የማኖርበት አልነበረኝም።

ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ዐሥሩ ፋይሎች አሉ። ከታች ያሉት ዘጠኙ የኔ ናቸው፤ ዘጠኝ ጊዜ ይቀጥል፣ ይቀጥል፣ ይቀጥል። የላይኛው የሷ ነው። የዶርተ ኮምፒውተር አዲሱን ከላይ ያኖራል፤ ቦዲል ግን መጽሐፍም ሆነ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ካልሆነ የማታነብ ሴት ነበረች፣ የሷ ከአሮጌው ነው የሚጀምረው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። የተፈጨ ድንጋይ ከየትኛው መንገድ ላይ ይለቀማል?

ተናደድኩባት። አርባ ስድስት ዓመት ያልተናደድኩትን ያህል ባዶ ወንበሯ ላይ ጮህኩ። ሳትነግሪኝ! ልጄን ሳትነግሪኝ! ብዬ። ሲደክመኝ መልሼ ተቀመጥኩና መቼ እንደላከችው ለማየት ፈለግሁ። የተላኩት ውስጥ የለም። እዚያ ያለው ዓርብ ዕለት እኔ የላክሁት ብቻ ነው። ያልተላኩት ውስጥ አገኘሁት። አድራሻው ተጽፏል፣ ቅጹ ተያይዟል፣ «ከሰላምታ ጋር፣ ቦዲል» ይላል። ሴፕቴምበር ዐሥራ አራት ጽፋው ኖቬምበር ሁለት ነው የሞተችው። ሰባት ሳምንት። ቦዲል የጀመረችውን ነገር የምትረሳ ሰው አልነበረችም። ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ከፍታ ስንት ጊዜ እንደዘጋችው አላውቅም። ሁሉንም ነገር ለኔ ስትል ልታደርግ ቆርጣ ነበር፤ ይህቺን አንዲት ቁልፍ ግን እጇ እምቢ አላት። እሷ ሰባት ሳምንት ያልተጫነችውን እኔ ለስድስት አራት ደቂቃ ጉዳይ ተጫንኩላት።

ወደ ማታ ስልኩ ጮኸ።

«አባ፣ እንዴት ነህ? ትሮልስ ጋ ሄድክ?»

«ሄጄ ነበር።»

«ታዲያ? ወረቀቱ ደረሰ አይደል?»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። የመጀመሪያውን ውሰድ ያለችኝ እሷ ናት። ብነግራት ዕድሜዋን ሙሉ ያቺን ቃል ስታኝክ ትኖራለች።

«ደረሰ» አልኳት። «ቪሊም ነግሮኛል።»

«አየህ! አልኩህ እኮ!» ድምጿ በደስታ ቀለለ። «ሌላስ? የሚያስቸግርህ ነገር አለ?»

የላፕቶፑ መብራት ጠረጴዛው ላይ ትበራለች። አሁንም አልነቀልኳትም።

«የለም» አልኳት። «ምንም የሚያስቸግር ነገር የለም።»